ዓይን መጨረሻ ላይ ይሳላል

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነበር፤ እኔ ሰበታ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሁለታችንንም የሚያውቁ ሰዎች ይህ ያስቃቸው ነበር። "ቤታችሁ ውስጥ ማን ነው የሚያሸንፈው?" ይሉኛል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እሱና እኔ ብቻ ነበርን፤ የምንጣላውም እንደማንኛውም አባትና ልጅ ነበር። ወጡ ጨው በዛበት፣ ሬዲዮኑን ቀንስልኝ፣ ለምን አመሸሽ። ስለ እምነትና ስለ ትምህርት አንስተን የተነጋገርነው ጥቂት ጊዜ ነው፤ አብዛኛውም ዓይኑ ከታመመ በኋላ።

አንዱን ግን ከዚያ በፊት አስታውሳለሁ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በመጀመሪያው ዕረፍት ቤት ስመጣ፣ ሳሎኑን ሙሉ ሸራ ዘርግቶበት የሐዋርያትን ፊት ይቀባ ነበር። አዲስ ነገር የተማረ ሰው ዝም ማለት አይሆንለትምና ጥቂት ቆሜ ካየሁ በኋላ፣

"አባዬ፣ ብርሃኑ ከየት በኩል ነው የሚመጣው?" አልኩት።

"ከየት በኩል ማለት?"

"ሁሉም ፊት እኩል በርቷል። አንዱም ሰው ጥላ የለውም። ብርሃን እኮ ምንጭ አለው፤ ከአንድ ወገን ሲመጣ በሌላው ወገን ጥላ ይጥላል።"

ብሩሹን ከሸራው ሳያነሳ "የእነዚህ ብርሃን ከውስጥ ነው" አለኝ። "አንቺ የምትማሪው የፀሐዩን ነው። እሱንም በደንብ ተማሪ፤ እሱም የእግዚአብሔር ነው።"

ትምህርቴን ንቆብኝ አያውቅም። የተመረቅኩ ቀን የተነሣሁትን ፎቶግራፍ ከእመቤታችን ሥዕል አጠገብ የሰቀለው እሱ ነው። ጎረቤት ሲመጣ "ይቺ ሳይንቲስቷ ልጄ ናት" ይላል፤ "ሳይንቲስቷ" የምትለዋን ቃል እየጎተተ።

ሲሠራ የማይለውጠው ሥርዓት ነበረው። መጀመሪያ በከሰል ይነድፋል፤ ከዚያ ልብሱን፣ እጁን፣ ፊቱን ይቀባል። ዓይን መጨረሻ ነው። የአንድ ግድግዳ ሥዕል በሙሉ አልቆ የሰዎቹ ፊት ያለ ዓይን ለሳምንታት ይቆማል። ዓይኑን የሚሠራው ንስሐ ገብቶ፣ ጾሞ፣ በማለዳ ነው። ምክንያቱን በልጅነቴ ስጠይቀው "ዓይን ካላቸው በኋላ እኔ አይደለሁም የማያቸው፤ እነሱ ናቸው የሚያዩኝ" ብሎኛል። ጻድቃን ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው በሁለት ዓይን ይሳላሉ። ከሃዲ፣ ገራፊ፣ ሰይጣን በጎን ይሳላል፤ አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚኖረው። ይህን ከአስተማሪው የተማረው ነው፤ እሱም ዕድሜ ልኩን ሳያዛንፍ ሠርቶበታል።

የመጨረሻው ሥራው ቡራዩ ነበር። በከተማው ዳር፣ ባጃጅ ካወረደን በኋላ ሽቅብ የሚያስኬድ ቦታ ላይ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶ የመቅደሱን ግድግዳ እንዲስል ጠሩት። የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ የአካባቢው ተወላጅ፣ መሬት ከሰጡት ገበሬዎች የአንዱ ልጅ የሆኑ ሽማግሌ ናቸው። ሁሉም "ኦቦ" እያለ ነው የሚጠራቸው። አባቴን ባገኙት ቁጥር "አካም ቡልተን" ይሉታል፤ እንዴት አደሩ ማለታቸው ነው። አባቴ ደግሞ በሰበታ ገበያ በለመደው ኦሮምኛ "ነጋ፣ ገለተ ዋቃ" ብሎ እግዚአብሔርን ካመሰገነ በኋላ ወደ አማርኛ ይመለሳል። ሁለቱ ይዋደዱ ነበር። አባቴ የሳምንቱን ቀናት እዚያው በግቢው ባለች ክፍል እያደረ፣ ቅዳሜ ማታ ወደ ቤት ይመጣል።

አንድ ቅዳሜ ምሳ ይዤለት ሄድኩ። ከእንጨት መወጣጫው ላይ ሲወርድ ግራ እግሩን ቀጥ አድርጎ ሰማያዊ ቀለም የተሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ከተተው። ሳቅን። እግሩን እየጠረግኩለት ሳለ ኦቦ በግራው በኩል መጥተው ሊጨብጡት እጃቸውን ዘረጉ። አባቴ አልተቀበላቸውም። እጃቸው አየር ላይ ቆየ። ኦቦ ቅር ብሏቸው ወደ እኔ አዩ፤ ከዚያ ዞረው ፊት ለፊቱ ሲቆሙ አባቴ ደነገጠ።

"ከየት መጡ? አላየሁዎትም" አላቸው።

እኔ መሳቄን አቆምኩ። ቦርድ ላይ የዓይንን ሥዕል በየዓመቱ የምስል ሰው ነኝ። አንድ ሰው ፊት ለፊቱን እያየ ጎኑን ካላየ ምን ማለት ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ።

ከዚያ ወዲህ አተኩሬ አየው ጀመር። የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ስላለ ሰበታ ውስጥ ዓይነ ስውር ተማሪ ማየት የዕለት ነገር ነው፤ በትር ይዘው በመንገዱ ዳር ሲሄዱ ሾፌሩም ረዳቱም ለምደዋቸው ይቆሙላቸዋል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ አባቴ ከአንዱ ወጣት ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጋጨ።

"ይቅርታ ልጄ፣ አላየሁህም" አለ አባቴ።

"እኔም አላየሁዎትም አባባ" አለ ወጣቱ እየሳቀ፤ በትሩን አስተካክሎ አለፈ። አባቴ መንገዱ ላይ ቆሞ ቀረ። ያን ቀን ነው ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው እሺ ያለኝ።

አዲስ አበባ ባለ አንድ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ወረፋ ይዘን ገባን። አንድ መሣሪያ አለ፤ አገጭህን አስደግፈህ ወደ ውስጥ ታያለህ፣ ነጥብ ብርሃን ባየህ ቁጥር በእጅህ የያዝከውን ቁልፍ ትጫናለህ። አባቴ እንደ ፈተና ተጨንቆ ተቀመጠ። እኔ ከጎኑ ሆኜ ብርሃኖቹን አያለሁ፤ ከጠርዙ ብልጭ ይላሉ፣ እሱ አይጫንም። እንደገና ብልጭ ይላሉ፤ አይጫንም። መሃል ላይ ሲመጡ ብቻ በደስታ ይጫናል። ሲጨርስ ወረቀት ታተመ። ግራው ዓይን ሙሉ ለሙሉ ማለት ይቻላል ጥቁር ነበር። ቀኙ ዙሪያውን ጠቁሮ መሃሉ ብቻ ነጭ ቀርቷል።

ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየው። "ሰው እንዲህ ጥቁር ያባክናል?" አለ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ደክሞታል፤ በር ላይ ስንት ሰው እንደሚጠብቀው አይቻለሁ። ዙሪያውን ለቆሙት ተማሪዎች በእንግሊዝኛ ረጅም ነገር አስረዳቸው። አባቴ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፊታቸውን በየተራ ያያል። "ምን አለ?" ሲለኝ ሐኪሙ ራሱ ዞረና በአማርኛ ነገረው። ግላኮማ ነው። በዓይኑ ውስጥ ያለው ግፊት ነርቩን ገድሎታል። የሞተው አይመለስም። የቀረውን ለማቆየት ይህን ጠብታ ጠዋትና ማታ፣ ዕድሜ ልክ።

"ግድግዳ ይዣለሁ" አለው አባቴ። "ደቡቡ ግድግዳ አላለቀም።"

"አባባ፣ መወጣጫ ላይ መውጣት ያቁሙ" አለው ሐኪሙ፤ ቀጣዩን ሰው ጠራ።

በሚኒባሱ ውስጥ እስከ ዓለም ገና ድረስ ወረቀቱን እያጠፈ ይዘረጋ ነበር። ከዚያ ጆሮዬ ሥር "ግራው ጠፍቷል አይደል ያለው?" አለኝ።

"አዎ አባዬ።"

"በአንድ ዓይን የሚሳለው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ።"

"አባዬ፣ እሱ እኮ ሥዕል ነው።"

"ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁትን ነው 'ሥዕል ነው' የምትይኝ?"

 ረዳቱ "ወራጅ አለ?" ብሎ ጮኸ፤ ሳንወርድ አለፍን።

ጠብታውን ጀመረ። ራሴ ነበርኩ የምጨምርለት፤ ቡራዩ በሚያድርበት ጊዜ ደግሞ ኦቦ በእጃቸው ይጨምሩለት ነበር። መወጣጫውን ግን አልተወም። የደቡቡ ግድግዳ ላይ የእመቤታችንን ስደት ነው የያዘው፤ ሕፃኑን አቅፋ፣ ዮሴፍ ፊት ፊት፣ ሰሎሜ ከኋላ። ጭንቅላቱን እያዞረ፣ በቀረችው ቀዳዳ ውስጥ ግድግዳውን በቁራጭ በቁራጭ እያየ ልብሶቹን ጨረሰ። እጆቹን ጨረሰ። እንዲያውም የእመቤታችን እጅ ከዚያ በፊት ከሠራቸው ሁሉ የሚያምር ይመስለኛል።

ከዚያ ጠብታው ከገበያ ጠፋ። ሰበታ ያሉትን መድኃኒት ቤቶች አዳረስኩ፤ ዓለም ገና፣ ከዚያ መርካቶ፣ ከዚያ የማላውቃቸው ሰፈሮች። ሁሉም ጋ መልሱ አንድ ነው፤ "አልገባም።" መቼ ይገባል? ትከሻቸውን ይሰብቃሉ። ሆስፒታሉም የለውም። ሐኪሙ ስልኩን አንስቶ "ሌላ ዓይነት ፈልጊ" አለኝ፤ ሌላውም ዓይነት የለም። ለተማሪዎቼ ሳይንስ ስለሠራው ሁሉ ሳወራ የኖርኩ ሰው፣ በጠርሙስ የምትገባ አንዲት ጠብታ ፍለጋ በዝናብ ስዞር ዋልኩ።

ያለ ጠብታ ሳምንታት አልፈው የፍልሰታ ጾም ሲገባ አባቴ "ጸበል እገባለሁ" አለ። ከሱሉልታ በላይ፣ ጫካው ውስጥ፣ ብዙ ዓይነ ስውር ያዳነ ጸበል አለ ብለው ነግረውታል። የንስሐ አባታችን እቤት መጡ። ሸምግለዋል፤ አባቴን ከወጣትነቱ ያውቁታል።

"ሂድ፣ እኔም እባርክሃለሁ" አሉት። "ጠብታው ከተገኘ ግን እዚያም ሆነህ አድርገው። ጌታ የዚያን ዕውር ዓይን ሲያበራ ምን አደረገ? ጭቃ ለወሰ። በቃሉ ብቻ ማዳን አቅቶት ነው? ጭቃም የእሱ ፍጥረት ስለሆነ ነው። የሐኪሙ ጠብታም ጭቃ ነው።"

አባቴ እጃቸውን ስሞ "እሺ አባ" አለ። እኔ ያን ቀን በእምነቴ ኮርቼ ነበር። እንዲህ የሚያስብ ቄስ ያለን ሰዎች ምን ክፉ ያገኘናል ብዬ አሰብኩ።

አባቴ ከሄደ ከጥቂት ቀናት በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ዘመዷ ከውጭ ይዞላት የመጣውን ጠብታ ሰጠችኝ። በነጋታው ከአዲሱ ገበያ የሱሉልታ ታክሲ ያዝኩ። ጉም ነበር፤ ሱሉልታ በነሐሴ ሰው አጠገቡ ያለውን አያይም። ከአስፋልቱ ወርጄ በጭቃው ዳገት ስወጣ የላስቲክ መጠለያዎቹ ከጉሙ ውስጥ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። አባቴን እርጥብ ጋቢ ለብሶ፣ ከበሽተኞች መሃል ተቀምጦ አገኘሁት። አንዲት እግሯ ያበጠ ሴት ቆሎ በእጁ ላይ ታደርግለታለች። "አባታችን" ነው የሚሉት። ሆስፒታሉ በቁጥር ነበር የጠራው፤ እዚህ ሰው እጁን ይዞ ወደ ጸበሉ ይወስደዋል፣ ይመልሰዋል፣ ሲበርደው ያለብሰዋል። ይህን ሳልናገር ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ።

ጠብታውን ሳወጣ በጸበሉ የሚያጠምቀው ሰው አየኝ።

"ምንድን ነው እሱ?" አለ።

"የዓይን መድኃኒት ነው።"

"እዚህ ሁለቱ አብረው አይሆኑም። ወይ ያምናል፣ ወይ ይታከማል።"

"የንስሐ አባታችን ፈቅደውለታል። ቤተ ክርስቲያንም አልከለከለችም" አልኩት። ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም፤ በአካባቢው ያሉት ዞረው አዩኝ።

"እንግዲያ እዚያው እሳቸው ጋ ይጠመቅ" አለና ጥሎኝ ሄደ።

አባቴ እጄን ይዞ ወደ ዛፎቹ ሥር ወሰደኝ፤ እኔ የመራሁት ቢመስልም እሱ ነበር የሚጎትተኝ።

"አትጣይ" አለኝ። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሐኪሙ ጠብታው የቀረውን ያቆያል አለ። የጠፋውን ይመልሳል አለ?"

"አላለም።"

"እዚህ የጠፋውን የሚመልስ አለ። አንቺ ብትሆኚ የቱን ትመርጫለሽ?"

"አባዬ፣ የቀረችው ከጠፋች..."

"የቀረችው ለሥዕሉ ዓይን ለመስጠት አትበቃኝም። በዚህች ቀዳዳ የእመቤታችንን ዓይን ልስል? ሁለቱን አንድ ላይ ማየት አለብኝ። ልብስ በቁራጭ ይሠራል፤ ዓይን በቁራጭ አይሠራም።"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኔ ስለ ዓይኑ ነበር የማስበው፤ እሱ ግድግዳው ላይ ስላሉት ዓይኖች ነበር። ብዙ ለመንኩት። አለቀስኩም። ጋቢውን አውልቆ እኔን ሸፈነኝና ወደ መጠለያው ተመለሰ። ጠብታውን በቦርሳዬ ይዤ ወረድኩ።

ጾሙ ሲፈታ መጣ። ከስቷል፤ ፊቱ ግን ሰላም ነበር። "ብርሃን አይቻለሁ" አለኝ፤ አምኖ ነው ያለው። በሩ ላይ ጫማውን ሲያወልቅ የበሩን መቃን በእጁ ሲፈልግ አየሁት። ሆስፒታል ስወስደው ያው ሐኪም ለካው፤ የተገኘውን ጠብታ እንዳላደረገው ስነግረው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። "ለምን አቋረጡ? ለምን?" ብሎ ጮኸበት። አባቴ እንደ ተማሪ አንገቱን ደፋ። ጩኸቱ ከንዴት ብቻ አልነበረም። ቀኙ ከብርሃንና ከጨለማ በቀር ብዙም የሚለየው አልቀረውም።

የንስሐ አባታችን ሰምተው መጡ። አባቴ ተኝቶ ነበር፤ በረንዳው ላይ ተቀመጡና "ጭቃውን ጣሉት" ብለው አለቀሱ። ሽማግሌ ሲያለቅስ ማየት ከባድ ነው። እኔ ግን አላጽናናኋቸውም። በዚያን ሰሞን በአጥማቂውም፣ መድኃኒት በማያስገቡትም፣ በእግዚአብሔርም ላይ አንድ ዓይነት ቁጣ ነበረኝ፤ የትኛው ላይ እንደሚብስ አላውቅም ነበር።

ቡራዩ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ምርቃት ቀርቧል። በደቡብ በኩል ሴቶች የሚቆሙበት ነው፤ እዚያ ግድግዳ ላይ ዓይን የሌላት እመቤት፣ ዓይን የሌለው ሕፃን፣ ዓይን የሌላቸው ሰዎች በረሃ ያቋርጣሉ። ሴቶቹ ፊታቸውን ወደዚያ አዙረው መጸለይ ከብዷቸዋል። አንዳንዷም ነጠላዋን ተከናንባ ወደ መሬት እያየች ትቆማለች። ኦቦ ይህን በስልክ ሲነግሩኝ ድምፃቸው ይቀንስ ነበር። "ሌላ ሰዓሊ እንዳናመጣ እሳቸውን ማሳዘን ሆነ። ምን ይሻላል ልጄ?" አሉኝ።

ለአባቴ ነገርኩት። "ማንም አይነካውም፤ እኔ እጨርሰዋለሁ" አለ። እንደ ልማዱ ንስሐ ገባ፣ ጾመ። በአንድ ማለዳ ይዤው ሄድኩ። ኦቦ ቤተ ክርስቲያኑን ከፈቱልን፣ መወጣጫውን በሁለት እጃቸው ደግፈው ቆሙ፤ እኔ ከኋላው ወጣሁ። ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰ። የነጠላዋን ጠርዝ በቀለሙ ውፍረት አገኘው፤ ከዚያ ግንባሯን፣ ከዚያ አፍንጫዋን። "እዚህ ነው" አለ። እጁ አልተንቀጠቀጠም። የቀኝ ዓይኗን ቅንድብ፣ ሽፋሽፍት፣ ብሌን በጥቂት መስመር ጣለው። የሚያምር ዓይን ነበር። ሕይወት ያለው። 

ግራዋን ሲጀምር ጣቱን ከአፍንጫዋ ላይ አነሣ፤ ቀለም ሊነክር ወደ እኔ ዞረ። ሲመለስ ቦታውን ስቷል። "አባዬ" ልል አፌን ስከፍት ብሩሹ ወርዷል። ሁለተኛው ዓይን ጉንጯ ላይ ሆነ፤ ከመጀመሪያው እኩል የሚያምር፣ ጉንጯ ላይ።

ከታች ኦቦ ቀና ብለው አዩና አማተቡ።

"እንዴት ነው?" አለ አባቴ።

የቀለሙን ቆርቆሮ መወጣጫው ላይ አስቀመጥኩ።

"እንዴት ነው? ንገሪኝ እንጂ።"

"ወርዷል አባዬ። ግራው ወርዷል።"

"ብዙ?"

"ብዙ።"

ብሩሹን ጠርጎ ኪሱ ውስጥ ከተተ። "ሳይደርቅ አጥፊው" አለኝ። "ሁለቱንም።"

"ቀኙ እኮ ልክ ነው። ቀኙ ይቅር።"

"በአንድ ዓይን ልትተዋት ነው?" አለኝ።

እርጥብ ጨርቅ ይዤ የእመቤታችንን ዓይኖች ጠረግኩ። ቀለሙ በቀላሉ አልለቀቀም፤ ፊቷ ላይ ተዘርዝሮ እንደ ዕንባ ወደ አገጯ ወረደ፤ እሱንም ጠረግኩት። አባቴ ሁሉንም እየሰማ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ከወረድን በኋላ ኦቦ እጁን ይዘው "ረኮ ህንቀቡ፣ ችግር የለም ጋሼ፣ ችግር የለም" ይሉታል፤ እሳቸው ራሳቸው ያለቅሳሉ። አባቴ አላለቀሰም። መኪና መንገድ እስክንደርስ የጠየቀኝ ስለ ጫማው ብቻ ነው፤ ጭቃ ነክቶት እንደሆነ።

ለምርቃቱ ኮሚቴው ሥዕል አሳተመ። አዲስ አበባ በማሽን ታትሞ በትልቅ ላስቲክ የሚመጣ ነው፤ ግድግዳው ላይ ለጠፉት። ኦቦ ራሳቸው ሰበታ ድረስ መጥተው ነገሩት፤ በሰው እንዲሰማ አልፈለጉም።

"ጋሼ፣ ይቅር ይበሉን። በዓሉ ደረሰብን።"

"ዓይን አላቸው?" አላቸው አባቴ።

"አላቸው። የእርስዎንም አላነሣነውም፤ ከላዩ ላይ ነው የለጠፍነው። ከሥር እንዳለ ነው።"

አባቴ "ከሥር ሆነው ምን ያያሉ" አለ። ከዚያ "ይሁን ኦቦ፣ ሕዝቡ ይጸልይ እንጂ" ብሎ ስለ ዝናቡና ስለ እህሉ ይጠይቃቸው ጀመር።

በዚያ ዓመት ስለ ዓይን ሳስተምር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። ጎበዝ ናት፤ ሰንበት ትምህርት ቤት የምትዘምር። "ቲቸር፣ ዓይን ቀስ በቀስ በብዙ ዘመን መጣ ይላል መጽሐፉ። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ እግዚአብሔር ሠራው ትላለች። አንቺ ራስሽ በየትኛው ታምኛለሽ?"

ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ ነበረኝ። መንገዱን የሚያጠናና ባለቤቱን የሚያመልክ አይጣሉም እል ነበር፤ ለብዙ ተማሪ ብዬዋለሁ፣ አሁንም ውሸት አይመስለኝም። ያን ቀን ግን ቦርዱ ላይ የሣልኩትን ነርቭ እያየሁ ሳለ "ማንም ይሥራው፣ ሲበላሽ የሚጠግነው የለም" የሚል ነገር ምላሴ ላይ መጣ። ዋጥኩት። "ለፈተናው መጽሐፉን ጻፊ" አልኳት። ክፍሉ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። እያሳዘንኳት እንደሆነ አውቄ መጽሐፉን ገለጥኩ።

አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ለጠዋት ጸሎት ብቻውን መሄድ ይወድ ነበር፤ በትር አልያዝም አለ፣ መንገዱን በእግሬ አውቀዋለሁ ይላል። ሰፈራችን መንገድ ሊሠራ ጥልቅ ቦይ ተቆፍሮ ክፍቱን ተትቶ ነበር። እዚያ ወደቀ። ሰዎች አውጥተው አመጡት፤ ዳሌው ተሰብሯል። አልጋ ላይ ዋለ፣ ቀጥሎ ሳንባው ታመመ። በመጨረሻዎቹ ቀናት አእምሮው ንጹሕ ነበር። አንድ ከሰዓት ውኃ ሳጠጣው፣

"ጉሙ ውስጥ ስትመጪ አይቼሽ ነበር" አለኝ። "ሱሉልታ። ድምፅሽን ከመስማቴ በፊት ነው ያየሁሽ።"

"አዎ አባዬ" አልኩት። አይቶኝ ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም። ያኔ ትንሽ ማየት ይችል ነበርና ሊሆን ይችላል።

በቀብሩ ላይ የንስሐ አባታችን ፍትሐቱን መሩ። ከቡራዩ ኦቦ ብዙ ሰው አስከትለው መጡ፤ "ዋቅኒ ሲ ሃ ጀጀቤሱ" አሉኝ፤ እግዚአብሔር ያበርታሽ ማለት ነው። ሐኪሙ በስልክ ደውሎ አጽናናኝ፤ ይህን አልጠበቅኩም። ከመዝጋቱ በፊት "አንቺም ተለኪ፤ በዘር ይሄዳል" አለኝ። አውቀው ነበር። ያስተማርኩት ነገር ነው። ራሴን ከዚያ ቁጥር ውስጥ አስገብቼው ግን አላውቅም።

ከአርባው በኋላ ሄጄ ተለካሁ። ግፊቱ ከፍ ብሏል። እስካሁን የጠፋ ብዙ የለም፤ በግራው ጠርዝ ላይ ትንሽ ጥቁር አለች። ሐኪሙ ያንኑ ጠብታ ጻፈልኝ፤ አሁን ገበያ ገብቷል።

አሁን ጠዋት ጠዋት ከቤት ከመውጣቴ በፊት አደርገዋለሁ። ከጨመርኩ በኋላ ዓይኔን ጨፍኜ፣ የዓይኔን ጥግ በጣቴ ይዤ ጥቂት መቆየት አለብኝ፤ በዚያን ጊዜ ሌላ የሚሠራ ነገር ስለሌለ ጸሎት አደርሳለሁ። በልቤ ሙሉ ነው የምጸልየው ልል አልችልም። አንዳንድ ቀን ቃሉ ብቻ ነው የሚወጣው፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ነገር ይይዘኝና ዓይኔን ቶሎ መግለጥ ያቅተኛል። ከዓይን ወደ አፍንጫ የምትወርድ ቀጭን ቱቦ አለች፤ ለተማሪዎቼ አስተምራታለሁ። ጣቴን ሳነሣ መድኃኒቱ በእሷ ወርዶ ጉሮሮዬ ላይ ይመረኛል። ውኃ እጠጣበትና ወደ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ።